የመላጣው ዋስ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው መንገድ፣ ጠመዝማዛው ሳይጀምር በስተግራ በኩል፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን የለበሰ ኮረብታ አለ። ስሙ መላጣው ነው። የሚኒባስ ረዳት «መላጣው ጋ ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጮህ፣ አገሩን የማያውቅ ተሳፋሪ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ መላጣ ነገር ይፈልጋል። የሚያየው ግራርና ወይራ ብቻ ነው። ስሙ የወጣለት ድንጋዩ በፀሐይ እንደ ራስ ቅል ያበራ በነበረበት ዘመን ነው፤ ፀጉር ሲያበቅል ስሙን የሚቀይርለት ሰው አልተገኘም።

መሕሙድ የዚህ ኮረብታ ዋስ ነው። ባለቤቱ አይደለም። ጠባቂነቱም ቢሆን ኋላ የመጣ ነገር ነው። ሰው ለተከሰሰ ዘመዱ ዋስ እንደሚሆነው፣ እሱም ለኮረብታው ዋስ ነው። ይህ ሁሉ የመጣው ደግሞ አንድ ቀን ምሳ ስለዘገየበት ነው።

ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበር። ኮረብታው ላይ የተሰማራ ከብት ከሣር ይልቅ ድንጋይ ይልሳል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ የተረፈችውን አፈር ጠራርጎ ግርጌው ላይ ያለውን ማሳ ጠጠር ያለብሰዋል። የመንደሩ ምንጭ ደርቆ ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው እስከ ቦርከና ወንዝ ይወርዱ ነበር። መንደሩ ሲጨንቀው ተሰብስቦ ኮረብታውን ለመከለል ተስማማ፤ ከብት እንዳይወጣበት፣ መጥረቢያ እንዳይገባበት፣ ከውስጡም አንዲት ጭራሮ እንዳትወጣ። ስምምነቱን እንዲያስሩ የተጠሩት አበጋሮች ነበሩ። አበጋር ማለት በወሎ ደም የተቃባን የሚያስታርቅ፣ ድንበር የተጣላን የሚዳኝ፣ ሽምግልናውን ከአባቱ የተረከበ ሰው ነው። የአበጋር ሸንጎ ሁሉን ቢያልፍ አንድ ነገር አያልፍም፦ ሁለት ወገን ሲዋዋል ሁለቱም ዋስ ይጠራሉ።

«መንደሩ ዋስ ይጥራ» አሉ የአበጋሮቹ አለቃ ሸህ አብዱልወሀብ። መንደሩ ጠራ።

«ኮረብታውም ዋስ ይጥራ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ኮረብታውን አየ። ኮረብታው ዝም አለ።

«ኧረ ሸኾች፣ ድንጋይ ምን ዋስ ያስፈልገዋል?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ነገ ከዚያ ጅብ ወጥቶ አህያህን ቢበላ ማንን ልትይዝ ነው? እኔ ያለ ዋስ ዱዓ አላደርግም» አሉ ሸኹ። አጠገባቸው የተቀመጡት ቄስ አግማስም ጭራቸውን እያወዛወዙ «እውነታቸውን ነው» ብለው አጸኑት።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። የሚነሳ ሰው ጠፋ። መሕሙድ ከቤት ሲወጣ ሚስቱ ከይሪያ የበግ ወጥ ጥዳ ነበር፤ ሽታው እስከዚያ ድረስ የሚከተለው እየመሰለው ሆዱ ጮኸ። በመጨረሻ ብድግ አለ።

«እኔ ዋስ ነኝ!»

«ለምኑ?»

«ከዚህ ድንጋይ ለሚወጣው ሁሉ። ወላሂ፣ በአንገቴ!»

ይህን ሲል አንዲት እንሽላሊት ከድንጋዩ ስንጥቅ ብቅ ብላ ፀሐይ መሞቅ ጀመረች። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

«ለእሷም ጭምር?» አለች የኔነሽ፣ ከኮረብታው ግርጌ ማሳ ያላት ጎረቤቱ።

«ለእሷም፣ ለልጆቿም!»

ዱዓ ተደረገ። እስላሙ «አሚን» አለ፣ ክርስቲያኑ «አሜን» አለ፤ መሕሙድም ሮጦ ቤቱ ገባ። ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር።

ኮረብታው ዋስ ማግኘቱ ያበረታው ይመስል ማቆጥቆጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሣር አወጣ። ቀጥሎ ክትክታና አጋም መጣ፤ ሰው «ለዚህ እሾህ ነው ከብታችን የተራበው?» ብሎ አጉረመረመ። ከዚያ የሌላ አገር ወይራ በልተው የመጡ ወፎች አጋሙ ላይ አርፈው ኩሳቸውን ጣሉ፤ እሾሁ ጥላ ሆኖት፣ ማንም ሳይተክለው፣ ወይራ ከሥሩ ወጣ። ቅጠሉ ረገፈ፣ በሰበሰ፣ አፈሩ ጠቆረ። ጎርፉ ድምፁ ቀነሰ። አንድ የጥቅምት ጠዋት ደግሞ በየኔነሽ ማሳ ራስ ላይ ያለው ደረቅ ጉድጓድ ረጠበ፤ በዓመቱ ጀሪካን የሚሞላ ምንጭ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ መሕሙድም ደስ ይለው ነበር። ሣር ማንንም አይነክስም፤ ወይራም በሌሊት ወጥቶ የሰው በግ አይሰርቅም። ነገሩ የተበላሸው አንድ ማለዳ ጥንቸል ያየ ዕለት ነው። ጥንቸሏ ጆሮዋን አቁማ አየችው፤ እሱም የሰው ጎመን ታየው። ከጥንቸሏ በኋላ ቆቅ መጣች፣ ከቆቋ በኋላ ጃርት። ጃርቱ የሰው ድንች ቆፍሮ ሲበላ መሕሙድ የራሱን ድንች ቆፍሮ ከፈለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንግዶቹን ለመቁጠር በየማለዳው ኮረብታውን መዞር ጀመረ፤ ሰዎቹ ጠባቂ ሆነ አሉ። እሱ ግን የሚጠብቀው ደኑን ከሰው ሳይሆን ራሱን ከደኑ ነበር።

መንደሩም ሰላምታውን ቀየረ።

«መሕሙድ፣ እንዴት አደርክ? ጃርቱስ ደህና አደረ?»

«ቤተሰብህ በዛ እኮ! ለዒድ ምን ልታርድላቸው ነው?»

ከሁሉ የባሰችበት ግን ሰላም ነች። ሰላም ደሴ የምትሠራ፣ መላጣውን እየመጣች የምታጠና ወጣት የደን ባለሙያ ናት። አንገቷ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር አንጠልጥላ ትገባለች፣ ፊቷ እንደ ሙሽራ በርቶ ትወጣለች።

«አባባ መሕሙድ፣ የምሥራች! ድኩላ አየሁ!»

«ስንት?» አለ መሕሙድ።

«ከነግልገሏ! ደስ አይልዎትም? አፈሩ ቶሎ ነው ያገገመው፣ ውሃውም ተመልሷል። እንስሳቱ ደግሞ እየመጡ ነው። ሁሉም አልመጣም እንጂ። ዝግባው ገና ነው፤ እሱ የኛ ዕድሜ አይበቃውም። ግን እንዲህ ከቀጠለ...»

«ከቀጠለ ምን?»

«ነብርም ሊመለስ ይችላል!»

መሕሙድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ያ ረቢ» አለ ቀስ ብሎ። «ልጄ፣ አንቺ ስትደሰቺ እኔ ለምን እንደሚያልበኝ አንድ ቀን ሸኾች ያስረዱሽ።»

ጦርነቱ ወደ ኮምቦልቻ በወረደበት ዓመት መንደሩ ሲሸሽ እሱም ሸሸ። መንገድ ላይ ሸህ አብዱልወሀብን በአህያ ላይ ሲሄዱ አገኛቸው። የጠየቃቸው ትቶት ስለወጣው ቤት አልነበረም።

«ሸኾች፣ ዋስ ሲሸሽ ዋስትናው ይፈርሳል?»

ሸኹ አሰቡ። «ኮረብታው ሸሽቷል?»

«አልሸሸም።»

«እንግዲያው አልፈረሰም። አብሽር፣ አህያዋን ንዳልኝ።»

ተመልሰው ሲመጡ ብዙ ነገር ጎድሎ ነበር፤ ከመላጣው ግን የጎደለ አልነበረም። እንዲያውም ተጨምሮበት ነበር። ሰው በሌለበት ወራት አንድ ሙሉ የዝንጀሮ መንጋ ገደሉ ላይ ሰፍሮ ቆይቷል።

ዝንጀሮዎቹ አገሩን እስኪለምዱ ጥቂት ጊዜ ጨዋ ነበሩ። አንድ የኅዳር ጠዋት ግን የኔነሽ የመሕሙድን በር በእግሯ መታች። በእጇ የተጋጠ የዱባ ልጣጭ ይዛለች።

«ውጣ! ዘመዶችህ ጉድ ሠርተውኛል!»

«ደግሞ የትኞቹ?»

«ባለጭራዎቹ! ዱባዬን፣ አንዲት ሳያስቀሩ! ለዘር ብዬ ጎተራ ራስ ላይ ያስቀመጥኳትን እንኳ አወረዱልኝ። አንዱ ታቅፏት ሲሮጥ በዓይኔ አየሁት፤ እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፏት!»

ዱባው እንዲሁ ዱባ አልነበረም። እናቷ ከኩታበር ስትዳር በመቀነቷ ቋጥራ ያመጣችው ዘር ነው፤ ቆዳው እንደ ዝሆን ሻካራና አመድማ፣ ውስጡ እንደ እንቁላል አስኳል። ከየኔነሽ ጓሮ ሌላ የትም አይታይም ነበር። አሁን ደግሞ እዚያም የለም።

ሸንጎው ተጠራ። ሸህ አብዱልወሀብ አርጅተው ዓይናቸው ደክሟል፤ ሥርዓቱ ግን አልደከመባቸውም።

«ተከሳሾቹ ተጠርተዋል?»

«ኧረ ሸኾች፣ ዝንጀሮ እኮ ናቸው» አለ መሕሙድ።

«ያልተጠራ ሰው አይፈረድበትም። ሂድና ጥራ።»

መሕሙድ ወጣ። ከገደሉ ሥር ቆሞ፣ ሰው እንዳያየው ዙሪያውን ከቃኘ በኋላ «አበጋሮች ይጠሯችኋል!» ብሎ ጮኸ። ወርዶ ላቡን እየጠረገ ሸንጎው ፊት ቆመ።

«ምን አሉ?»

«ትልቁ አዛጋብኝ።»

«ለሽማግሌ መልእክት ማዛጋት ንቀት ነው» አሉ ሸኹ አዝነው። «በሌሉበት ይታያል። ዋሱ ይጠየቃል።»

እዚህ ላይ ጀሚል ተነሳ። ጀሚል ከሰል አክስሎ ኮምቦልቻ የሚያወርድ ጎረምሳ ነው፤ ወደ ሽምግልና መጥረቢያ ይዞ የመጣው ለምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። «ዋሱ ካሳውን ካልሰጠ ውሉ ፈረሰ ማለት ነው። ውሉ ከፈረሰ ኮረብታው ክፍት ነው። ሌላ ምን ወሬ ያስፈልጋል?» አለ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ከብት ያለው ሣሩን፣ ምድጃ ያለው እንጨቱን አሰበ።

መሕሙድ የኔነሽን በዓይኑ ለመናት። «በግ ልስጥሽ። ሁለቱንም።»

«በግ መች ጠየቅኩህ? ዱባዬን!»

«ውሃውስ? ምንጩ እኮ ከዚሁ ደን ነው የመጣልሽ!»

«ውሃው የእግዜር ነው። ዱባው የኔ ነው!»

ሸኹና ቄሱ ራስ ለራስ ተነጋገሩ። ፍርዱ አጭር ነበር፤ የሚቀጥለው ዓመት ዱባ እስኪደርስ መሕሙድ ያንኑ ዱባ፣ ዘሩን ሳይለውጥ፣ ይተካል። ካልተካ ውሉ ይፈርሳል፤ ጀሚልም መጥረቢያውን ይዞ ይገባል።

«እተካለሁ» አለ መሕሙድ። ከዚያ የዓመታት ምሬቱ ገንፍሎ ጨመረበት፦ «እተካና ከዚህ ዋስትና እወርዳለሁ! ወላሂ እወርዳለሁ! ነብሩ ሳይመጣ ሌላ ሰው ፈልጉ!»

ማንም «እኔ አለሁ» አላለም። ዋስ የሌለው ውል ደግሞ ውል እንዳልሆነ እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል። ጀሚል ፈገግ አለ። ለእሱ ዱባው ቢገኝም ባይገኝም ያው ነበር።

መሕሙድ ልጣጩን በፌስታል ጠቅልሎ አገር ለአገር ዞረ። ኩታበር ወጥቶ የየኔነሽን የእናት ዘመዶች ፈለገ፤ እነሱም ዘሩን ከጣሉት ቆይተዋል። የኮምቦልቻን ገበያ ዱባ በሙሉ በጣቱ እያንኳኳ ስላለፈ ሻጮቹ የጤና ቁጥጥር መስሏቸው ጸጥ አሉለት። ደሴ፣ ፒያሳ፣ አንድ ጭማቂ ቤት ገብቶ ልጣጩን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ አስተናጋጁ በትሕትና «አባት፣ የዱባ ጁስ የለንም፤ አቮካዶ ልቀላቅልልዎት?» አለው።

እዚያው ፒያሳ ሰላም አገኘችው። የደረሰበትን ሲነግራት ልጣጩን ተቀብላ አገላበጠችና ሳቀች፤ መሕሙድ አለመሳቁን ስታይ ተወች።

«አባባ፣ የየኔነሽን ዘር የወሰዱት እነሱ አይደሉ? ዝንጀሮ የበላውን ዘር ሁሉ አይፈጭም። ያንን ሁሉ ወይራ ማን የዘራልዎት ይመስልዎታል? ወፉ ነው፤ ዝንጀሮውም እንደዚያው ነው። እነሱ በልተው ይሄዳሉ፣ ያራሉ፣ ይበቅላል።»

መሕሙድ ፌስታሉን ከእጇ ቀምቶ ወደ መናኸሪያ ሮጠ።

ያን በልግና ክረምት የሠራውን ሥራ ለሰው ለመንገር አይመችም። በየማለዳው ወደ ገደሉ ወጥቶ የዝንጀሮ ፋንድያ በእንጨት ይገላልጣል። ከይሪያ ሦስት ቀን ታገሰችው፤ በአራተኛው ደጃፍ ላይ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው ምን ይላል? ከመስገድህ በፊት የምትታጠበው ውሃ አለቀብኝ እኮ!»

«ዘር እየፈለግኩ ነው።»

«በዚህ ዕድሜህ?»

ሐምሌ ሲጋመስ አገኘው። ዝንጀሮዎቹ ከሚያድሩበት ገደል ሥር፣ ቅጠል በስብሶ እጅ ወደሚውጥ ጥቁር አፈርነት በተቀየረበት ቦታ፣ ሁለት ወፍራም ቅጠል ብቅ ብሏል። መሕሙድ ተንበረከከና ዱዓ አደረገ። ከዚያ ጎኑ ተቀመጠ። ዝናብ ሲመጣ ይነሳል፣ ሲያባራ ይመለሳል። ዝንጀሮዎቹ ከላይ ሆነው ይህን የተንበረከከ ሽማግሌ በመገረም ያዩታል፤ ትልቁ አሁንም ያዛጋል። ሐረጉ ተሳበ፣ አንዱን ወይራ ይዞ ወጣ፤ በጥቅምት ከወይራው ቅርንጫፍ ላይ አመድማ ሻካራ ዱባ እንደ ደወል ተንጠለጠለ።

እጁን ሰደደ። ጣቱ ቆዳውን ሲነካ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ክው አለ። ከዚህ ደን ምንም አይወጣም። ውሉ ነው፤ የውሉም ዋስ እሱ ራሱ ነው። ዱባውን ቢቆርጥ ዋሱ ውሉን አፈረሰ፤ ባይቆርጥ ካሳው አልተከፈለም።

ሌላ መላ ስላልነበረው ሸንጎውን ወደ ዱባው አወጣው።

ሸህ አብዱልወሀብ ኮረብታውን ከረገጡት ዘመን አልፏል። ያን ጊዜ ድንጋዩ እግራቸውን ያቃጥል ነበር። አሁን በከዘራቸው አፈሩን እየወጉ፣ ከዘራቸው እየሰመጠባቸው ወጡ። ጥላው ውስጥ ሲገቡ ቆሙ። ወፍ ይጮሃል። «ይኸ ያ ድንጋይ ነው?» አሉ። ሁሉም ያንኑ እያሰበ ነበር። የኔነሽ ከኋላ፣ ከምንጩ የሞላችውን ጀሪካን መንገድ ላይ ለማስቀመጥ ሰግታ እንዳዘለችው፣ እያለከለከች ትከተላለች።

ዱባውን ስታይ ጀሪካኑን ጣለችው። ጆሮዋን ለጥፋ በጣቷ አንኳኳች። ፊቷ ተለወጠ።

«የእማዬ ነው» አለች።

«ይቆረጥ ታዲያ» አለ መሕሙድ።

«አይቆረጥም!» ብሎ ዘሎ ገባ ጀሚል። «ከዚህ ደን ጭራሮ እንኳ አይወጣም የሚል ውል አለን! ሕግ ይከበር!» ይህን ሲል መጥረቢያው ከትከሻው ላይ ነበር።

ቄስ አግማስ ሐረጉን ከሥሩ እስከ ጫፉ በዓይናቸው ተከተሉት። «ዱባው ከደኑ አይደለም። ከጓሮዋ ተነጥቆ ወደ ደኑ የገባ ነው» አሉ። «የገባ እንግዳ ወደ ቤቱ ቢመለስ ወጣ አይባልም።»

ሸኹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዱባው ተቆረጠ። የኔነሽ እንደ ሕፃን ተቀበለችው። ከዚያ ሸኹ ሥርዓቱ የሚጠይቀውን የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቁ።

«የኔነሽ፣ ካሳሽ ተሟላ?»

ጀሚል አንገቱን አሰገገ። ተሟላ ካለች መሕሙድ በመሐላው ይወርዳል። መሕሙድም ይህን ሰዓት ሲመኝ ዓመታት ቆይቷል፤ ጃርት የሌለበት እንቅልፍ፣ ነብር የማያሳስበው ማለዳ። አሁን ግን አፏን እያየ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተጠጋ። «ተሟላ አትበይ» ሊላት ቃጣው፤ ምን ነክቶት እንደሆነ ራሱም አልገባው።

የኔነሽ ዱባውን አየች። ከእግሯ ሥር የወደቀውን ጀሪካን አየች፤ ክዳኑ ላልቶ ውሃው ወደ ጥቁሩ አፈር ይፈሳል፣ አፈሩም ድምፅ ሳያሰማ ይጠጣዋል። ጀሪካኑን አቃናችው።

«አልተሟላም» አለች።

«እንዴ! ዱባሽን ያዝሽ አይደል?» አለ ጀሚል።

«አንድ ያዝኩ። የወሰዱብኝ አንድ ነው እንዴ? ቀስ ብለው ይክፈሉኛ! ማን አስቸኮላቸው?»

«እየከፈለ ያለ ባለዕዳ ውል አፈረሰ አይባልም» አሉ ሸህ አብዱልወሀብ፤ ጢማቸው ውስጥ የሆነ ነገር ፈገግ አለ። «ከፍሎ ያልጨረሰ ሰው ዋስም አይወርድም። ፋቲሓ።»

መሕሙድ ከማንም በላይ ጮክ ብሎ «አሚን!» አለ። ሰዎቹ ዞረው አዩት።

ከዚያ ወዲህ በየኅዳሩ ሸንጎው የኔነሽን ይጠይቃል፤ እሷም ገና እንደሆነ ትመልሳለች። ጓሮዋ በዱባ ተሞልቷል፤ አንዷን ደግሞ ሆን ብላ ከአጥሩ ውጭ፣ ለዘመዶቹ በሚመች ቦታ፣ ትተዋለች። ባለፈው ሰሞን ሰላም ከደሴ ደውላ መላጣው ጭቃ ላይ ያነሳችው የዱካ ፎቶ የነብር ሳይሆን እንዳልቀረ ስትነግረው፣ መሕሙድ ስልኩን ዘግቶ ተነሳና የበጎቹን በረት አጠበቀ። የሌላ ሰው በረት መጥበቁንም ዞሮ አረጋገጠ።

በማግሥቱ ጠዋት የኔነሽ ከማሳዋ ተጣራች።

«መሕሙድ! አንተ መሕሙድ!»

«አቤት! ደግሞ ምን አደረጉሽ?»

«ምንም! ከትናንት ጀምሮ አልመጡም እኮ። ምነው፣ ታመው ነው እንዴ? እስቲ ወጣ ብለህ እያቸው!»

መሕሙድ ከዘራውን አነሳና ወጣ።